"ይያዝ" ብዬ የጻፍኩባት ማመልከቻ

የቀድሞ ተማሪዎቼና ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የሚፈላበት ሰዓት ላይ ከሆናችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት፤ ካልሆነም ለማታ አስቀምጡት።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ መልእክት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። "ቲቸር፣ ትልቁ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አፉን አልፈታም። ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሉኝ። ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቂ ተብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እንግሊዝኛዬን ይዩልኝ" ትላለች።

ደብዳቤውን አየሁት። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ቤት ውስጥ የምታየው ነገር፣ ቀጥሎ "ልጄ ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ እንዲመረመርልኝ እጠይቃለሁ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ቀንና ፊርማ። በቃ። ልመና የለበትም፣ እንባ የለበትም። ሁለት የፊደል ስሕተት አርሜ መለስኩላት።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌላ ማመልከቻ ትዝ አለችኝ። ይቺን ታሪክ ለባለቤቴና ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ ነበር የነገርኳቸው። ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

*

2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ርእሰ መምህር ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሕንፃው ሳይሆን የኔ ነውና። እዚያ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እናንተም አትጥሩት።

አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ከአሸተን ማርያም ግርጌ ካለ መንደር ነው የመጣችው። አሸተንን የወጣችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ላሊበላ ራሷ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አሸተን ከ3 ሺህ ያልፋል። ፈረንጅ በበቅሎ እየተንፏቀቀ የሚወጣውን ዳገት እሷ በኮንጎ ጫማ፣ ልጅ እየጎተተች ወርዳው ነው ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ዘንድ የደረሰችው።

"ጌታዬ፣ ይቺን ልጅ አስገቡልኝ" አለች።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ለኅዳር ስምንት ይሞላታል። ጆሮዋ አይሰማም። በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ጥሏት ሲነሣ ጆሮዋን ይዞ ሄደ።"

"የማትሰማ ልጅ ታዲያ እንዴት አድርገን ነው የምናስተምረው?"

እንደ መገረም ብላ አየችኝና "እሱንማ እናንተ ታውቁ የለ!" አለች።

ይቺ መልስ ያን ቀን ድፍረት መስላኝ ነበር። ዛሬ ሳስባት ትክክለኛዋ መልስ እሷ ናት። እኔ ደመወዝ የምበላው እንዴት እንደሚስተማር ስለማውቅ ነው ተብሎ አይደል?

እየተነጋገርን እያለ ደወል ተደወለ። ያቺን የተንጠለጠለች ቸርኬ ታስታውሷታላችሁ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ግር ብለው ወደየክፍላቸው ሮጡ። ልጅቷ ደንግጣ ዞር ዞር አለች። ሁሉም የሚሮጥበትን ምክንያት በዓይኗ ትፈልጋለች። ከማን እንደሚሸሹ ነው የምትፈልገው መሰለኝ። እናቷ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት፣ ተረጋጋች።

እኔ ምን አልኩ? "ማመልከቻ አምጪ" አልኩ። በርእሰ መምህርነት ወንበር የተቀመጣችሁ የዚህችን ቃል ትርጉም ታውቋታላችሁ። ሰው ሳይከፋው ከቢሮ የሚወጣባት ቃል ናት።

በሁለተኛው ቀን ይዛ መጣች። ገበያው አካባቢ ላለ ራፖር ጸሐፊ ከፍላ ያስጻፈችው ነው። ጸሐፊው የሚያውቀውን ነው የጻፈው። "እኔ አመልካች አቅመ ደካማ ድኻ ስሆን" ብሎ ጀምሮ፣ በእግዚአብሔር ስም እያለ፣ "ልጄን ከወደቀችበት አንሡልኝ" ብሎ ይጨርሳል። ሙሉ ገጽ ነው። ልጅቷ ግን የለችበትም! ዕድሜዋ የለም፣ መቼ መስማት እንዳቆመች የለም፣ ምን እንደምትችል የለም፣ ከትምህርት ቤቱ ምን እንደተፈለገ እንኳ በግልጽ የለም። ከታች የእናትየዋ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ታትሟል።

ተቀበልኳት። በግራ በኩል ጫፉ ላይ "ይያዝ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩና ወደ ፋይል መራሁት።

ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። በሦስተኛው፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ "ወረቀቷ መልስ የላትም?" አለችኝ። "ገና ነው፣ እናሳውቅሻለን" አልኳት። በምን እንደማሳውቃት እንጃ። ስልክ የላት፣ ሰው አልላክሁ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። እውነቱን ልናገር፣ አለመምጣቷንም ልብ አላልኩትም።

አንዳንዶቻችሁ "ምን ታድርግ ነበር ቲቸር?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰባ በላይ ተማሪ ነበር። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር አልነበረንም። በጀቱ ለጠመኔም አይበቃም ነበር። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ይሄን እውነት ለማን ነገርኩ? ለወረዳ "አንዲት የማትሰማ ልጅ መጥታለች፣ መምህር የለኝም" ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ? አልጻፍኩም። የሷ ወረቀት እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

*

ያኔ ሕጉ አልነበረም እንዳልል፣ ነበረ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ትምህርትን ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንደሚደግፍ ይናገራል። ("አቅም በፈቀደ" የምትለዋ ስንቱን ቢሮ ስንት ዓመት እንዳስተኛች እኛ እናውቃለን።) በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ሙሉ በሙሉ ስለ ትምህርት ነው፤ የምልክት ቋንቋ መማርን ማመቻቸት የመንግሥት ግዴታ እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ከዚያም በ2004 ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂውን አሻሽሎ አወጣ። ማለትም ያቺ እናት ቢሮዬ በር ላይ ስትቆም መብቱ በእጇ ነበር። እሷ አላወቀችም። እኔ ደግሞ ማወቅ ሲገባኝ አላነበብኩም።

*

ሰኔ 2010 ቢሮውን ለተተኪዬ ሳስረክብ የቆዩ ፋይሎችን እያገላበጥኩ ነበር። ከመምህራን የዝውውር ጥያቄና ከጠረጴዛ ጥገና ደረሰኝ መሃል ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ብቅ አለ። ከላዩ የራሴ ጽሑፍ፣ "ይያዝ"፣ የራሴ ፊርማ። አምስት ዓመት ከስምንት ወር ተይዛለች። ትእዛዜ በሚገባ ተፈጽሟል።

ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኳት። የመንግሥት ሰነድ ማውጣት ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሄንንም ጨምራችሁ ቁጠሩብኝ።

በዚያው ወር በ21፣ የማርያም ዕለት፣ ወደ አሸተን ወጣሁ። የወጣትነት ጉልበቴ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። እዚያ ቋጥኙ ተሰንጥቆ ጠባብ መተላለፊያ የሚሆንበት ቦታ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ቅዳሴ ሲወጣ ካህናቱን ጠየቅኳቸው። "የማትሰማዋ ልጅ እናት" ስላቸው ሁሉም አወቋት። አንድ ዲያቆን አብሮኝ ወርዶ ቤቱን አሳየኝ።

ደጇ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። አላወቀችኝም። ስሜንና ሥራዬን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ወንፊቱን አስቀምጣ ተነሣች። በቢሮዬ "አንቺ" ብያት ነበር። ያን ቀን "አንቱ" አልኳት። እሷ ያኔም አሁንም "አንቱ" ነው ያለችኝ።

"ወረቀቷ ተገኘች?" አለችኝ።

እንድትቆጣኝ ነበር የጠበቅኩት፤ እንዲያውም ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ወረቀቷ ጠፍታ ቆይታ እንደተገኘች አድርጋ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ "ወረቀቷ ጠፍታባቸው ነው እንጂ" ስትል ነበር ማለት ነው። "አልጠፋችም፤ እኔው ነኝ ያስቀመጥኳት" አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ "ይግቡ፣ ቆሎ ይቅመሱ" አለችኝ።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በግ ጠብቃ ስትመለስ አየኋት፤ ረዝማለች። እናቷ በሁለት ጣቷ መዳፏ ላይ እንደ መጻፍ አደረገችና ወደ ከተማው አቅጣጫ ጠቆመች። ከዚያ እኔን አሳየቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ሦስት ደብተር ይዛ መጣች፣ እጄ ላይ አስቀመጠቻቸው።

የታናሽ ወንድሟ ደብተሮች መስለውኝ ነበር። እናቷ "የሷ ናቸው። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የጻፈውን እያየች ትገለብጠዋለች" አለች።

ከፍቼ አየሁት። ፊደሉ ከወንድሟ ይልቅ ያምራል። አማርኛው አለ፣ ሒሳቡ አለ፣ እንግሊዝኛው አለ። አንዱም ፊደል ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። እንደ ሥዕል ነው የሳለችው። በየገጹ ግርጌ ደግሞ መምህሩ ለወንድሟ ያደረገለትን ራይት ሳይቀር ገልብጣዋለች። ቀይ እስክሪብቶ ስለሌላት በሰማያዊ።

ለራሷ ራይት የምታደርግ ልጅ ናት እንግዲህ "ይያዝ" ያልኩባት።

*

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጠን አዲስ ማመልከቻ ጻፍን። እኔ እጠይቃለሁ፣ እናትየዋ ትመልሳለች፣ እጽፋለሁ። "ምን ትችላለች?" ስላት መጀመሪያ ግራ ገባት። የማትችለውን ነው ሁልጊዜ የሚጠይቋት። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ስምንት በግ ሲጎድል ታውቃለች። የገንዘብ ኖት ለይታ መልስ ትሰጣለች። አንዴ ያሳዩዋትን አትረሳም። ደብተር ትገለብጣለች። ሁሉንም ጻፍኩት። ጥያቄውንም ለይተን አስቀመጥን፦ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር እንዲመደብላት፣ ፊት ለፊት እንድትቀመጥ፣ ዕድሜዋ አልፏል ተብላ እንዳትመለስ። "ለምናለሁ" የሚል ቃል አልጻፍኩም። እናትየዋ ይሄ አልጣማትም፤ "ትንሽ ለመን አርጉት እንጂ" አለችኝ። "አይ፣ ይሄ ልመና አይደለም" አልኳት። አላመነችኝም።

ሌላም ጭንቅ ነበረባት፤ ማንም ማመልከቻ ውስጥ የማይጽፈው ጭንቅ። ልጅቷ ከተማ ወርዳ ከአክስቷ ጋ ልትኖር ነው። የማትሰማ፣ ጮኻ ስም ጠርታ ልትከስ የማትችል ሴት ልጅ። "ክፉ ቢያገኛት በምን ትነግረኛለች?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን ይሄው ጥያቄ ራሱ ቋንቋ እንዲኖራት ምክንያት ሆነ። "እሱን እንድትነግርዎት ነው ቋንቋ የምትማረው" አልኳት። ያኔ ነው አሻራዋን ያሳረፈችው።

ግልባጭ ለሚመለከተው ቢሮ አደረግን። መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግነው፤ ቁጥርና ቀን አስያዝን፤ አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትቼ ለእናትየዋ ሰጠኋት። ሁለት ሳምንት ስናልፍ ያንኑ ቁጥር ጠቅሼ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ልጽፍ ስል ተጠራን። በልዩ ፍላጎት የተመረቀች አንዲት ወጣት መምህርት ሌላ ትምህርት ቤት መደበኛ ክፍል እያስተማረች ነበርና ተዛወረች። መምህርቷ ኖራለች ማለት ነው፤ የሚጠራት ወረቀት ነው የጠፋው።

መስከረም 2011 ልጅቷ ገባች። እሷ ስትገባ ሌሎች አራት መስማት የተሳናቸው ልጆች ከየጓዳው ወጡ። አንዱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቤት ነበር የሚኖረው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል እንዴት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ልጅቷ ለዓመታት እንደ ሥዕል የሳለቻቸው ቅርጾች እጅ ላይ መጡላት። መምህርቷ እንደነገረችኝ ሀ ሁን ለመጨረስ ከሁለት ወር ያነሰ ነው የፈጀባት።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጋቢት 2012 በኮቪድ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ወደ መንደሯ ተመለሰች። ሁለት ያልሞሉ፣ የተቆራረጡ ዓመታት ነው የተማረችው። በ2005 ገብታ ቢሆን ኖሮ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። ይሄን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልነግራችሁም።

ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ገብስና ባቄላ ትሸጣለች፤ የዱቤ ሒሳቧን በደብተር ትይዛለች፤ የተበዳሪዎቿን ስም ራሷ ትጽፋለች። ሲያዩኝ በሩቁ እጃቸውን ከሚያውለበልቡልኝ ሰዎች አንዷ እሷ ናት። እናቷም ደኅና ናት።

*

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በላስታ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረ፤ ዜማና ቅኔ ተምሮ መሪጌታ የሆነ ስንት አለ። የኔታ "ማመልከቻ አምጣ" አላሉትም። ትምህርቱ በቃል ስለሆነ ዓይን አልጎደለበትም። ያው ዓይነ ስውር ልጅ እኔ ትምህርት ቤት ቢመጣ ሰሌዳ ስለማያይ "አይችልም" ልለው ነበር። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው እኛ የምናስተምርበት መንገድ ነው። እርግጥ የአብነቱም መስማት ለተሳነው ልጅ አልተመቸም፤ እሱንም መሸፈን አልፈልግም።

የወሎዋን የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። አማራ ሳይንት ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በመግባቷ ሕግ ተምራ፣ በፈረንጆቹ 2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘች። ዓይነ ስውር መሆኗ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ራሷ ተናግራለች። ዘሚ የኑስ ደግሞ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ ነፍሷን ይማር። ሁለቱም ጀግና ናቸው። ግን እያንዳንዱ ወላጅ ማዕከል መክፈት አለበት እንዴ? እያንዳንዱ ልጅስ ሻሸመኔ ድረስ መሄድ አለበት?

ብዛታቸውም ጥቂት አይደለም። የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ 800 ሺህ ገደማ አካል ጉዳተኛ ነው የቆጠረው፤ ከመቶ አንድ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2011 ባወጣው ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ አካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። ልዩነቱ የት ገባ? የመቁጠሪያው መንገድ ይለያያል፤ ግን ብዙው ጓዳ ውስጥ እንደሆነ የኔ አራት ልጆች ምስክር ናቸው። ትምህርት ቤት "የለብንም" ይላል፤ ወላጅ "አይቀበሉም" ብሎ አያመጣም። ሁለቱም እየተጠባበቁ ልጁ ያድጋል።

*

ወደ አሜሪካዋ ተማሪዬ ልመለስ። ደብዳቤዋን ባስገባች በሳምንቱ ተጠርታ የፈቃድ ቅጽ ፈረመች። በፌዴራል ሕጋቸው ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ምርመራው በ60 ቀን ማለቅ አለበት፤ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ገደብ ማውጣት ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ደግሞ እምቢታውን ከነምክንያቱ ጽፎ መስጠት ግዴታው ነው። ልጁ ድጋፍ ያስፈልገዋል ከተባለ ለሱ ብቻ የትምህርት ዕቅድ ይጻፋል፤ እናትየዋ ስብሰባው ላይ ትቀመጣለች።

ይሄን ስትነግረኝ "የታደሉ" ብዬ ነበር። ነገሩን ሳነብ ግን መታደል ብቻ አይደለም። እነሱም ዘንድ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ልጆቹ ከደጅ ይመለሱ ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆች ጭራሽ ከትምህርት ውጭ እንደነበሩ የራሳቸው ምክር ቤት መዝግቧል። በ1971 የፔንሲልቬንያ ወላጆች ተሰብስበው ክፍለ ግዛታቸውን ከሰሱ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ሕጉ በ1975 ወጣ። የወላጅ ወረቀት ነው የጀመረው።

የኛ ሰው እኮ ማመልከቻ አያውቅም እንዳይባል፣ ለመሬት፣ ለግብር፣ ለድንበር ስንት ወረቀት ያጽፋል። ለልጅ ትምህርት ግን "ከተቀበሉኝ ተመስገን" ይላል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ፦

1. የልጁን ስም፣ ዕድሜና ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ ጻፉ። ስለ ድህነታችሁ አንድ መስመር ይበቃል።
2. የሚችለውን ጻፉ። መምህሩ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከዚያ ነው።
3. የምትጠይቁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። "እርዱልኝ" ማለት ለፋይል ይመቻል። "የምልክት ቋንቋ መምህር ይመደብልኝ"፣ "ፊት ወንበር ይቀመጥ"፣ "ፈተና በቃል ይፈተን" ሲባል ግን አዎ ወይም አይ ማለት ግድ ይሆናል።
4. አዋጅ ቁጥር 676/2002ን ጥቀሱ። አንድ መስመር ነው፤ የአንባቢውን አቀማመጥ ግን ያስተካክላል።
5. ግልባጭ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አድርጉ።
6. መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ ቁጥርና ቀን ያዙ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ቤታችሁ ይቀመጥ።
7. በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ያንን ቁጥር ጠቅሳችሁ ድገሙ። እምቢ ከተባላችሁ "በጽሑፍ ስጡኝ" በሉ።

እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ዛሬ ርእሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የወረዳ ባለሙያ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ስማችሁን እያየሁ ነው የምጽፈው። በጀት እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወንበር እንኳ ያልተሟላላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማትችሉትን አድርጉ አልልም። የማትችሉትን ግን ወደ ላይ ጻፉት። እናት ያመጣችው ወረቀት እናንተ ጋ አይቁም። "ይያዝ" ብላችሁ ልትፈርሙ ስትሉ ይቺን በሰማያዊ እስክሪብቶ ለራሷ ራይት የምታደርግ ልጅ አስታውሷት።

ያቺ የመጀመሪያዋ ማመልከቻ አሁንም እኔ ጋ ናት። ለእናትየዋ ልመልስላት ብል "ምን ያደርግልኛል፣ አንቱ ጋ ትቀመጥ" አለችኝ። ተቀምጣለች።

ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግረው ወላጅ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንጽፋለን። ክፍያ የለውም። ላሊበላ ላላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ቤቴ ታውቁታላችሁ። ኢንተርኔት ለሌላቸው ወላጆች አንብቡላቸው፤ የሚጠቅመው ሰው ይኖራልና ሼር አድርጉት።

አክባሪያችሁ፣ ቲቸር